ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ገብቶ ለሕክምና ሙያ መዘጋጀት፦ ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ማመልከቻው

ልጅ አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ፤ የማጠናው ግን ታሪክ ነው» ሲል ብዙ የሐበሻ ቤት ይደነግጣል። ድንጋጤው መሠረት አለው። አገር ቤት ሐኪም የሚሆን ሰው በአብዛኛው ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መንገዱ ይለያል። አሜሪካ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ነው። ቀጥሎ አራት ዓመት ሜዲካል ስኩል። ከዚያ እንደ ስፔሻሊቲው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን፣ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የግድ ባዮሎጂ ማጥናት አለባችሁ የሚል ሕግ የለም። «ፕሪሜድ» የሚባለውም በአብዛኛው የዲግሪ ስም አይደለም። መወሰድ ያለባቸው ኮርሶች ዝርዝር ነው።

ይህን የምጽፈው ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ለገባችሁ ወይም ለመግባት ለምታስቡ ተማሪዎች ነው። አምኸርስት፣ ዊሊያምስ፣ ስዋርትሞር፣ ፖሞና፣ ካርልተን፣ ግሪኔል፣ ማካሌስተር፣ ስፔልማን፣ ሞርሃውስ የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። ዋና ሥራቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ነው። ክፍሎቻቸው ትንንሽ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ራሱ ያስተምራል፣ ራሱ ፈተና ያርማል፣ ላብ ውስጥም ራሱ ይቆማል። ከእነዚህ ኮሌጆች የምታገኙት ትልቁ ጥቅም የሚያውቃችሁ ሰው ማግኘት ነው። ይህን ጥቅም ሳይጠቀሙበት አራት ዓመት የሚያልፍባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ በተለይ የእኛ ልጆች። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ፦ የትኛውን ሙያ እንደምትፈልጉ ለዩ

«ሕክምና» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዶክተርነትን ብቻ ነው። ሙያው ግን ሰፊ ነው፤ መግቢያውም ይለያያል። ዶክተር ለመሆን ሁለት ዓይነት ዲግሪ አለ። አንደኛው ኤምዲ፣ ሁለተኛው ዲኦ ይባላል። ሁለቱም ሙሉ ፈቃድ ያለው ሐኪም ያደርጋሉ። የጥርስ ሕክምና ዳት የሚባል የራሱ ፈተና አለው። ፋርማሲ ፋርምዲ የሚባለውን ዲግሪ ይጠይቃል። የመግቢያ ፈተናው ፒካት በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀርቷል። ፊዚካል ቴራፒ በአብዛኛው ሦስት ዓመት የሚፈጅ የዶክትሬት ዲግሪ ነው። ፊዚሺያን አሲስታንት፣ በአጭሩ ፒኤ፣ ከሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ይላል፤ ነገር ግን ብዙ ፕሮግራሞች ከመግባታችሁ በፊት በሽተኛ በእጃችሁ የረዳችሁበት ብዙ ሰዓት ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ሺህ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይላሉ።

ነርሲንግን ለይቼ ልናገር። ብዙ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች የነርሲንግ ፕሮግራም የላቸውም። ነርስ መሆን እንደምትፈልጉ ከአሁኑ እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ ገንዘቡም የሚያስጨንቅ ከሆነ፣ በቀጥታ የነርሲንግ ዲግሪ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ብትገቡ ይሻላችኋል። ሊበራል አርትስ ከገባችሁ በኋላ ሐሳባችሁ ወደ ነርሲንግ ካዘነበለ ግን በሩ አልተዘጋም። ሌላ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጅ የተፋጠነ ፕሮግራም አለ። እሱ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ይፈልጋል። እነዚህን ኮሌጃችሁ ካልሰጠ በክረምት ኮሚኒቲ ኮሌጅ መውሰድ ይቻላል።

ከዚህ በታች የማነሳው በብዛት የሐኪም መንገድ ነው። ረጅሙም ጥያቄ የሚበዛበትም እሱ ስለሆነ ነው። የሌሎቹም ሙያዎች ዝግጅት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ኮርሶቹን በወረቀት ላይ አስቀምጡ

አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች የሚጠብቁት ይህን ነው። አንድ ዓመት ባዮሎጂ ከነላቡ፣ አንድ ዓመት ጄነራል ኬሚስትሪ ከነላቡ፣ አንድ ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ፊዚክስ፣ አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ፣ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ ወይም ብዙ ጽሑፍ የሚጻፍበት ኮርስ። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ሁሉም ትምህርት ቤት ባይጠይቃቸውም ለሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው፣ ለኤምካት፣ ያስፈልጋሉ።

ዝርዝሩን ስታዩት አጭር ይመስላል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ባዮኬሚስትሪ ለመውሰድ ኦርጋኒክ ያስፈልጋል። ኦርጋኒክ ለመውሰድ ጄነራል ኬሚስትሪ ማለፍ አለባችሁ። በትንሽ ኮሌጅ ደግሞ አንድ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ መስከረም ካመለጣችሁ የሚቀጥለውን መስከረም መጠበቅ ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪውን በመጀመሪያው ዓመት ጀምሩት። ሌላውን ማዘግየት ይቻላል፤ እሱን ካዘገያችሁት ግን ሁሉም ነገር ይገፋል።

ለመጀመሪያው ሴሚስተር የምመክረው ይህን ነው፦ አንድ ኬሚስትሪ፣ አንድ ሒሳብ ወይም ባዮሎጂ፣ አንድ ጽሑፍ የሚበዛበት ሴሚናር፣ አንድ ደግሞ በፍላጎት ብቻ የሚወሰድ። ሦስት ከባድ የሳይንስ ኮርስ በአንድ ሴሚስተር መደራረብ ጉብዝና አይደለም። ማመልከቻውን የሚያስተናግደው ኤኤምካስ የሚባለው ሥርዓት የሳይንስና የሒሳብ ውጤታችሁን ለይቶ ያሰላል። የደገማችሁት ኮርስ ካለ የመጀመሪያውም ውጤት አብሮ ይቆጠራል። ሃይስኩል እያላችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የወሰዳችሁት ክሬዲት እንኳ ሳይቀር ይገባል። ይህን ሳያውቁ በ16 ዓመታቸው የወሰዱት ኮርስ የሚከተላቸው ልጆች አሉ።

ኤፒ የሚባለውን፣ ሃይስኩል እያላችሁ የወሰዳችሁትን የኮሌጅ ደረጃ ኮርስና ፈተና፣ የያዛችሁም ጠንቀቅ በሉ። ኮሌጃችሁ ክሬዲቱን ሊቀበል ይችላል፤ አንዳንድ ሜዲካል ስኩል ግን አይቀበለውም። መፍትሔው ቀላል ነው። በዚያው ዘርፍ ከፍ ያለ ኮርስ ጨምሩበት።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው። ኮርሱ በሽምደዳ አይወጣም። አንድ ሪአክሽን ተሰጥቷችሁ ኤሌክትሮኖቹ ከየት ተነስተው የት እንደሚሄዱ በቀስት ማሳየት አለባችሁ። የመልስ ወረቀቱን ገልጦ «አዎ ገብቶኛል» ማለት ራስን ማታለል ነው። መጽሐፉን ክደኑ። ባዶ ወረቀት አምጡ። የመጀመሪያውን ሞለኪውል ሳሉ። ኤሌክትሮን የተትረፈረፈበትን ጎን ፈልጉ፤ የጎደለበትንም ፈልጉ። ቀስቱን ከተትረፈረፈው ወደ ጎደለው ሳቡ። ከዚያ ለጓደኛችሁ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ድምፅ አውጥታችሁ አስረዱ። ስታስረዱ የተደናቀፋችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ያንኑ ቦታ በማግስቱ ይዛችሁ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሂዱ።

ኦፊስ አወር ግቡ

ወደ በኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት ይኸው ነው።

እኛ ያደግነው መምህር ሲናገር ዝም ብለን እየሰማን ነው። መምህር ቢሮ የሚገባው ያጠፋ ተማሪ ነበር። ልጆቻችን አሜሪካ ቢወለዱም ይህን ከቤት ይዘውት ይወጣሉ። «ማስቸገር አይሆንም?» ይላሉ። «ጥያቄዬ የማይረባ ቢሆንስ?» ይላሉ። በዚህ መሃል ሌላው ተማሪ፣ ወላጆቹ እዚሁ ኮሌጅ የተማሩለት፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቢሮ ተቀምጦ ከፕሮፌሰሩ ጋር ያወራል። ሁለቱ ልጆች በችሎታ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። በሦስተኛው ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ ሲጻፍ ግን እኩል አይሆኑም።

ኦፊስ አወር ማለት ፕሮፌሰሩ ተማሪ ይምጣ ብሎ የመደበው ሰዓት ነው። የኮርሱ መግለጫ ወረቀት ላይ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል። ሰውዬውን አታስቸግሩትም፤ የተቀመጠው ለእናንተ ነው። ምን ልበል ለምትሉ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ጊዜ ሂዱ። ስማችሁን ተናገሩ። ከየት እንደመጣችሁ፣ ለምን ኮርሱን እንደወሰዳችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። ከዚያ ከሰሞኑ ትምህርት አንድ የተወሰነ ጥያቄ ጠይቁ። «ምዕራፍ ሦስት አልገባኝም» አይበቃም። «ጥያቄ ሰባት ላይ እስከዚህ መስመር ሠርቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ለምን ምልክቱ እንደተቀየረ አልገባኝም» በሉ። የሠራችሁበትን ወረቀት አሳዩ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አመስግናችሁ ውጡ።

ፈተና ሲመለስ ደግሞ ዝቅተኛ ውጤት ካመጣችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ነጥብ ለመለመን ሳይሆን የት እንደሳታችሁ ለማየት። ከ58 ተነስቶ 85 የደረሰ ተማሪን ፕሮፌሰር አይረሳም። ሜዲካል ስኩል የሚያነበው ደብዳቤም ውሃ የሚያነሳው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲኖረው ነው። «ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ኤ አግኝታለች» የሚለውን ትራንስክሪፕቱም ይናገረዋል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚፈልጉት ከሳይንስ ሁለት፣ ከሳይንስ ውጭ አንድ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቢያንስ ሦስት የሚያውቋችሁ መምህራን ሊኖሯችሁ ይገባል። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ከፕሮፌሰሮች አንዱ ሳባቲካል፣ ማለትም ከማስተማር የሚያርፍበት ረጅም ፈቃድ፣ ወጥቶ ሊጠፋ ስለሚችል አራተኛ መያዝ ደግሞ ብልህነት ነው።

ሌላም ሰው አለ። አብዛኞቹ ኮሌጆች የጤና ሙያ አማካሪ አላቸው። ፕሪ-ሄልዝ አድቫይዘር ይሉታል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ቀጠሮ ያዙ። አንድ ጥያቄ የግድ ጠይቁ፦ «ኮሌጁ የኮሚቴ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ?» አንዳንድ ኮሌጅ የመምህራኑን አስተያየት ሰብስቦ በኮሌጁ ስም አንድ ረጅም ደብዳቤ ይልካል። እንዲህ ከሆነ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ቃለ መጠይቅ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ገደቡም ዋናው ማመልከቻ ከመከፈቱ ወራት ቀድሞ ሊያልፍ ይችላል። ኮሌጃችሁ ደብዳቤውን የሚጽፍ ሆኖ እናንተ ካላቀረባችሁ ሜዲካል ስኩሎቹ «ለምን የለም?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሜጀራችሁን (ዋና የትምህርት ዘርፋችሁን) በነፃነት ምረጡ

ሃሮልድ ቫርመስ በአምኸርስት ኮሌጅ ያጠናው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ሃርቫርድ ገብቶም በዚያው በሥነ ጽሑፍ ማስተርስ ሠራ። ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ኮሎምቢያ ሜዲካል ስኩል ገባ። በ1989 በካንሰር ጂኖች ላይ በሠራው ምርምር ከማይክል ቢሾፕ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኋላም የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትን መርቷል።

የአንድ ሰው ታሪክ ነው ትሉ ይሆናል። ኒው ዮርክ የሚገኘው የማውንት ሳይናይ ሜዲካል ስኩል በ1987 አንድ ፕሮግራም ጀመረ። አምኸርስት፣ ዊሊያምስ፣ ዌስሊያን፣ ብራንዳይስና ፕሪንስተን የሚማሩ የሥነ ሰብና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችን ገና ሁለተኛ ዓመት እያሉ ተቀበለ። ኤምካት አልጠየቃቸውም። መደበኛውን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኮርስም አልጠየቃቸውም። በ2010 የታተመ ጥናት እነዚህ ተማሪዎች በሜዲካል ስኩሉ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደሩ በአጠቃላይ እኩል እንደሠሩ አሳየ።

ከዚህ ተነስታችሁ ኦርጋኒክን ዝለሉ እያልኩ አይደለም። እናንተ በመደበኛው መንገድ ስታመለክቱ ኮርሶቹ የግድ ናቸው። የምለው ይህ ነው፦ ኮርሶቹን እስከወሰዳችሁ ድረስ በቀረው ጊዜ የምትወዱትን አጥኑ። የምትወዱት ባዮሎጂ ከሆነ ባዮሎጂ አጥኑ፤ ጥሩ ምርጫ ነው። አንትሮፖሎጂ ከሆነም አንትሮፖሎጂ አጥኑ። በሚወዱት ትምህርት የተሻለ ውጤት ይመጣል። ሐሳባችሁ ቢቀየርም የምትኖሩበት ዲግሪ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ወላጆች ይህችን አንቀጽ ብቻ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ልጃችሁ ፍልስፍና አጠናለሁ ሲል «ሕክምናውን ተወው ማለት ነው?» ብላችሁ አትደምድሙ። «የሳይንስ ኮርሶቹን በየትኛው ሴሚስተር ልትወስድ አስበሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ወረቀቱን አውጥቶ ካሳያችሁ መንገዱን ይዟል።

በሽተኛ አጠገብ ቁሙ

ሜዲካል ስኩሎች ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ። ይህ ሰው የታመመ ሰው አጠገብ ቆሞ ያውቃል ወይ? ሥራው ሲሰለች፣ ሲሸት፣ ሲያሳዝን አይቶ አሁንም ይፈልገዋል ወይ?

ሐኪም ተከትሎ ማየት፣ ሻዶዊንግ የሚሉት፣ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ግን ቆሞ ማየት ብቻውን ትንሽ ነው። ከዚያ የሚሻለው እጅ የሚያስገባ ሥራ ነው። የእኛ ማኅበረሰብ እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) የሆነ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የሲኤንኤ ሥልጠና በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ ብዙ ስቴቶች ይጨምሩበታል። በአንድ ክረምት ይጠናቀቃል። አዛውንት ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማብላት ዝቅተኛ ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ስለ ሰው አካልና ስለ ሰው ክብር የሚያስተምረውን ያህል ሻዶዊንግ አያስተምርም። በአምቡላንስ ለመሥራት የሚያበቃው የኢኤምቲ ሥልጠናም አለ። አንዳንድ ኮሌጅ በተማሪዎች የሚመራ የራሱ የድንገተኛ እርዳታ ቡድን ስላለው ጠይቁ። ሐኪሙ የሚናገረውን መዝገብ ላይ የሚያሰፍር የስክራይብ ሥራም በተለይ ለጋፕ ይር፣ ማለትም ከኮሌጅ ወጥቶ ሜዲካል ስኩል እስኪገባ ለሚቆይበት ዓመት፣ ተስማሚ ነው።

አማርኛ የምትችሉ ልጆች ደግሞ አስተርጓሚነትን አስቡበት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትል አካባቢ ያሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ያስተናግዳሉ። ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ እናታችሁን ሐኪም ቤት ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተርጉማችኋል። ያ ልምድ ጥሩ ነው፤ ግን ሥልጠና አይደለም። ለሙያ ማረጋገጫው ቢያንስ 18 ዓመት መሙላትና 40 ሰዓት መሠልጠን ያስፈልጋል። እቤት የምንናገረው አማርኛም አይበቃም። ጣፊያ፣ ቆሽት፣ ሐሞት ከረጢት የሚሉትን ቃላት እየጻፋችሁ አጥኑ። ታካሚው «ውስጤን ያቃጥለኛል» ሲል ደረቱን ይሁን ሆዱን መልሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ። በራሳችሁ ግምት ሞልታችሁ ለሐኪሙ መናገር አይቻልም። ይህን ሥራ አንድ ዓመት የሠራ ተማሪ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራው አያጣም።

የሠራችሁትን ሁሉ በዚያው ሳምንት ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተቆጣጠራችሁን ሰው፣ ያያችሁትንና የተሰማችሁን። የታካሚ ስምም ሆነ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን እንዳትጽፉ። በኤኤምካስ ማመልከቻ ላይ እስከ 15 የሚደርሱ ሥራዎችና ተሳትፎዎች ይመዘገባሉ። ለእያንዳንዱ 700 ፊደልና ምልክት ይፈቀዳል። ሦስቱን ትልቅ ትርጉም የሰጧችሁ ብላችሁ ትመርጡና 1,325 ይጨመርላችኋል። በሦስት ዓመት ውስጥ የሠራችሁትን በአንድ ሌሊት አስታውሱ ብትባሉ አትችሉም።

ምርምር

የምርምር ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪዎች ይቀድማሉ። በሊበራል አርትስ ኮሌጅ በአብዛኛው እነሱ የሉም፤ ፕሮፌሰሩ የሚሠራው ከእናንተ ጋር ነው። በሁለተኛው ዓመት ጥር ወር ላይ ከፕሮፌሰሮቹ ሥራ ሁለት ጽሑፍ አንብባችሁ «በክረምት ከእርስዎ ጋር መሥራት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ኮሌጆች ለክረምት ምርምር ክፍያ አላቸው። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደግፈው አርኢዩ የሚባለው የክረምት ፕሮግራም ግን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። የምርምሩ ርዕስ ከሕክምና ጋር ባይገናኝም አትጨነቁ።

ኤምካት

ፈተናው አራት ክፍል አለው። የኬሚስትሪና የፊዚክስ፣ የንባብና የትንተና፣ የባዮሎጂና የባዮኬሚስትሪ፣ የሳይኮሎጂና የሶሲዮሎጂ። እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132 ይታረማል። ድምሩ ከ472 እስከ 528 ነው። ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ኤምዲ ፕሮግራም የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ ውጤት በቅርብ ዓመታት 511 እና 512 አካባቢ ነው፤ አማካይ ጂፒኤያቸውም ወደ 3.8 ይጠጋል። አማካይ ማለት ግማሽ ያህሉ ከዚያ በታች ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

የንባቡ ክፍል የሳይንስ ዕውቀት አይጠይቅም። ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ታሪክ ረጅም ጽሑፍ ይሰጣችሁና ጸሐፊው ምን እንዳለ፣ ምን እንደማይቀበል ትጠየቃላችሁ። ብዙ ሳይንስ ብቻ ያጠና ተማሪ የሚቸገረው እዚህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከባድ ጽሑፍ ሲያነብ የኖረ የሊበራል አርትስ ተማሪ ደግሞ የሚጠቀመው እዚሁ ነው።

ከባዮኬሚስትሪ በፊት አትፈተኑ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር መድቡ። ፈተናውን የሚያወጣው ኤኤኤምሲ የሚባለው ማኅበር የራሱ መለማመጃ ፈተናዎች አሉት፤ ከሌላው ሁሉ የሚያስተማምኑት እነሱ ናቸው። በሙሉ ሰዓት፣ በጸጥታ፣ ስልክ አጥፍታችሁ ሥሩዋቸው። መለማመጃው ላይ የምትፈልጉት ውጤት ሳይመጣ «በፈተናው ቀን ይሻሻላል» ብላችሁ አትግቡ። ቀኑን ግፉት። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ዓመት አራት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። የምታመለክቱባቸው ትምህርት ቤቶችም የተፈተናችሁትን ሁሉ ያያሉ።

ማመልከቻውና ጊዜው

ከኮሌጅ እንደወጣችሁ ወዲያው ለመግባት ከሆነ በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ማለትም በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ ማመልከት አለባችሁ። ኤምካቱ ከዚያ በፊት ያልቃል ማለት ነው። ይህ ከባድ ጥድፊያ ነው። ዛሬ ሜዲካል ስኩል ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓመት ጋፕ ይር ወስደው ነው። እኔም ለአብዛኞቹ የምመክረው ይህንኑ ነው። ወላጅ «ዓመት አባከነ» ይላል። የአራተኛው ዓመት ውጤት ተጨምሮ፣ አንድ ዓመት ክሊኒክ ሠርቶ፣ ተረጋግቶ ያመለከተ ልጅ ጊዜ አላባከነም። ተጣድፎ አመልክቶ የተመለሰው ግን ዓመቱም ገንዘቡም ይሄዳል።

ኤኤምካስ ለኤምዲ ነው። ለዲኦ አኮማስ፣ ለቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቲኤምዲሳስ አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን እንደመጣ እያዩ ስለሚሞሉ ቀድሞ የላከ ይጠቀማል። የግል ጽሑፉ 5,300 ፊደልና ምልክት ነው፤ አንድ ገጽ ተኩል ገደማ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ቤተሰቤ ብዙ መከራ አይቶ አሜሪካ መጣ» የሚለው ታሪክ እውነት ከሆነ ጻፉት፤ ግን እሱ የወላጆቻችሁ ታሪክ ነው። አንባቢው የሚፈልገው እናንተን ነው። ያያችሁትን አንድ ታካሚ፣ የሠራችሁትን አንድ ነገር፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን አሠራራችሁን ጻፉ። ረቂቁን ለአማካሪው፣ ለአንድ የሳይንስና ለአንድ የእንግሊዝኛ መምህር አሳዩ። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን በእግር ይደረሳል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ የምትኖሩበትን ስቴት አስቀድሙ። የመንግሥት ሜዲካል ስኩሎች ለስቴታቸው ነዋሪ ያደላሉ። በየዓመቱ ከሚያመለክቱት ከግማሽ በታች ስለሚገቡ፣ በስም ብቻ ተመርጦ የተሠራ ዝርዝር አደገኛ ነው።

ገንዘብና ወረቀት

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ በዋጋው ያስደነግጣል። የሚጠራው ዋጋና ቤተሰቡ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ አይገናኙም። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለው፤ ገቢያችሁን አስገቡና የእናንተን ዋጋ እዩ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ጭራሹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም።

ለማመልከቻ ዘመኑ ደግሞ የኤኤኤምሲ የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም አለ። ብቁ ከሆናችሁ የኤምካት ክፍያ ይቀንሳል፣ መለማመጃዎቹ ይሰጣሉ፣ እስከ 20 ትምህርት ቤት ያለ ኤኤምካስ ክፍያ ታመለክታላችሁ። ድጋፉ ከተፈቀደ በኋላ ለሚከፈለው ብቻ ነው። አስቀድማችሁ የከፈላችሁትን አይመልስም። ስለዚህ ለኤምካት ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ለሜዲካል ስኩል የሚወሰደው የፌዴራል ብድር ሕግም ተቀይሯል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2026 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1) ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚባለውን ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረ የፌዴራል ብድር አያገኝም። ለሕክምና ተማሪ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጓል። ብዙ ትምህርት ቤት ከዚህ በላይ ስለሚያስወጣ የትምህርት ቤቱን የራሱን ድጋፍ አስቀድሞ ማየት ግድ ሆኗል። ኒው ዮርክ ያሉት የኤንዋይዩና የአልበርት አይንስታይን ሜዲካል ስኩሎች ለተማሪዎቻቸው የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም፤ ፉክክሩ ግን በዚያው ልክ ነው።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለምትመጡ በግልጽ መናገር አለብኝ። ኮሌጅ መግባትና ሙሉ ድጋፍ ማግኘት ይቻላል፤ አምኸርስት ለምሳሌ የውጭ ተማሪን ሲቀበል የመክፈል አቅሙን አያይም። ሜዲካል ስኩል ላይ ግን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ አይቀበሉም። የሚቀበሉትም ውስጥ የዓመታት ክፍያ አስቀድሞ ባንክ እንዲቀመጥ የሚጠይቁ አሉ። የፌዴራል ብድርም የለም። ይህን በመጀመሪያው ዓመት እወቁት። የውጭ ተማሪ የሚቀበሉትን የኤኤኤምሲ ኤምሳር የሚባለው ማውጫ ለይቶ ያሳያል። ከእሱ ጎን ለጎን የፐብሊክ ሄልዝ፣ የባዮሜዲካል ምርምርና የዶክትሬት መንገዶችን ያዙ። በሳይንስ ዶክትሬት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ለውጭ ተማሪም ጭምር ክፍያውን ሸፍነው የወር ገንዘብ ይሰጣሉ።

አራተኛ ዓመት ላይ ወይም ተመርቃችሁ ሥራ ከያዛችሁ በኋላ ሐሳቡ የመጣላችሁም አላችሁ። ሳይንስ ሳይወስድ ለተመረቀ ሰው የተዘጋጀ ፖስት-ባክ የሚባል ፕሮግራም አለ። ብሪን ማውርና ጎቸር፣ ሁለቱም ሊበራል አርትስ ኮሌጆች፣ በዚህ የታወቁ ናቸው። ኮርሶቹን በአንድ ዓመት ገደማ ያስጨርሳሉ። ኮርሶቹን ወስዳችሁ ውጤታችሁ ዝቅ ካለ ግን የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ዓይነት ነው፤ ውጤት ለማሻሻል የተዘጋጀውን ፖስት-ባክ ወይም የአንድ ዓመት ማስተርስ ፈልጉ። ሁለቱን አታምታቱ፤ ከመመዝገባችሁ በፊትም የተመረቃችሁበት ኮሌጅ አማካሪ ዘንድ ደውሉ። አብዛኞቹ ከተመረቃችሁ ከዓመታት በኋላም ያስተናግዷችኋል።